ሁለት ሥራ ያለው ኩሬ

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አባቴን ያየ
ከከብት ነጋዴ ከቶ አልለየ፤
ቦቲው እበት ጠግቦ፣ ቆቡ ላብ ጠጥቶ፣
ከኋላ ኪሱ የገመድ ጫፍ ወጥቶ።
እሁድ ግን በጠዋት ኔልዳ፣ እናቴ፣
በብሩሽ ፈትጋ ጥፍሩን የአባቴ፣
ያችን አንድ ሱፉን፣ ያንን ቡናማውን፣
የሰርግ የቀብሩን፣ የስብከት ልብሱን፣
አልብሳ ስትሸኘው ወደ ሲዳር ፎርክ፣
ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ መልክ።

ደመወዝ? ምን ደመወዝ! የምጽዋት ሳሕን ሲዞር
አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አሥራ ዘጠኝ ዶላር።
እኛን ያኖሩን ግን እነዚያ ላሞች ናቸው፤
ጥቋቁር፣ ቀንድ የለሽ፤ አርባ ነው ቁጥራቸው።
ከነኀጢአታቸው ለይቶ ያውቃቸዋል፤
«ይህች አጥር ሰባሪ፣ ያች ተራጋጭ» ይላል።
የምእመኑን ግን አውቆ እንዳላወቀ ያልፋል።

ከበረቱ ግርጌ ያለው ኩሬ ደግሞ
ሁለት ሥራ አለበት፤ ጠዋት ከብት ጠጥቶ፣ ከሰዓት ሰው ሰጥሞ
ይወጣል ከውስጡ፣ «አዲስ ፍጥረት» ተብሎ።
አባቴ ቀድሞ ላሞቹን ከውሃው ገለል አድርጎ፣
ጭቃው እስኪዘቅጥ ዳር ቆመን እንዘምራለን።
እኔንም በዘጠኝ ዓመቴ ያ ክንዱ ሲያስገባኝ፣
ከመንፈስ ቅዱስ ይልቅ አዮዲን ሸተተኝ።
ባፍንጫዬ የገባው ያ አንድ ጉንጭ ውሃ
እስከ ዛሬም አልወጣ።

የጎረቤታችን፣ የዲያቆን ክሊተስ ኮርማ
አጥር ጥሶ ገባ አንድ ሌሊት በጨለማ፤
ያባቴን ጊደሮች፣ ለጋ ለጋዎቹን፣
አስረግዞ ሄደ፤ ቀበርን ሁለቱን።
አንዱ «አጥሩ ያንተ ነው»፣ አንዱ «ኮርማው ያንተ ነው» አለ፤
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቃል ሳይለዋወጡ ዋለ።
እሁድ እሁድ ክሊተስ ሳሕኑን ያዞራል፤
አባቴ ይባርካል፤ ዓይን ከዓይን ይሸሻል።
ስለ ይቅርታ ሊሰብክ ሲል ይይዘዋል ሳል፤
ክሊተስ በመስኮት አሻግሮ ደመና ያሰላል።

የካቲት፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ በረዶ ሽቦ በጠሰ፤
የሚዙሪ ኮረብታ ሁሉ ጨለማ ለበሰ።
አንዷ ጊደር አማጠች፤ ጥጃው በኋላ እግሩ መጣ።
ፋኖሱን እኔ ያዝኩ፤ እጄ አላርፍ አለ፣ አመጣ
ጥላችንን በግድግዳው፣ መለሰው፣ አመጣ።
የአባቴ ክንድ እስከ ትከሻው በማሕፀኗ ጠፍቶ
ይጸልያል መሰለኝ፤ ወይም ይሳደባል፤ አልለየሁም ከቶ።

ያን ጊዜ የበረቱ በር ተከፈተ ሲጥ ብሎ፤
ክሊተስ ገባ፣ በፒጃማው ላይ ካፖርት ጥሎ።
ሰላም አላለም። የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ያዘ።
«ስታምጥ ሳብ፤ ስታርፍ ተው» ብሎ አዘዘ።
አባቴ ታዘዘ።

ሁለት ሽማግሌ ጭድ ላይ በቂጣቸው፣
ግንድ ተደግፎ አራቱ እግራቸው።
ጥጃዋ ወጣች፤ በድን ናት። ክሊተስ በጭድ ሰርን
አፍንጫዋን ኮረኮረ፤ አባቴ አሸ ደረቷን፤
እኔ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ
አነጠሰች።
ከሁለቱ አንዱ አለቀሰ፤ ፋኖሱ ስላጨሰ
የትኛው እንደሆነ አላየሁም።

ሲነጋ፣ ሳይተኛ፣ መድረኩ ላይ ወጣ።
ስብከቱን ከኪሱ ቢያወጣው፣ የሽርት ውሃ ጠጥቶ
ቀለሙ ሁሉ አንድ ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል።
ወረቀቱን አየ። እኛን አየ። አሥራ አራት ነበርን።
«ጥጃዋ ቆማለች» አለ። «ጠብታለች።» ዝም አለ።
ዲያቆኑ ከኋላ፣ ሳይነሣ፣ «አሜን» አለ።
ሌላ ስብከት አልነበረም። ወጥተን ወደየቤታችን ሄድን።

አምና ላሞቹን ሸጠ፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎት፤
በጨረታው አጥር ሥር አንዷ ባለፈች ቁጥር ቆቡን አነሣላት።
ያችን ብቻ አላቀረባትም። አርጅታለች፤
በዚያ ማንም ባልጠገነው አጥር ወዲያ ወዲህ ትላለች።
«አሁን የማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁት።
«ሣሩ ያለበት ወገን» አለ፣
ከዚያም ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ።